ሮንዴላ የሌለው ጋውን

ባለሜትሯ ይሏታል። ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም፤ ገበያ ስትሄድም ጸሎት ቤት ስትገባም አብሯት ነው፣ አንዳንዴም ረስታው አንገቷ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይወስዳታል። ሰው ስታገኝ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን ሳይሆን ትከሻውን ነው። «ቀጠንሽሳ!» ወይም «ወፈርክ አይደል?» ብላ ነው ሰላምታ የምትጀምረው። በዚህ የሚቀየሟት ሞልተዋል፤ ግን ልብስ ሲያምራቸው ተመልሰው የሚመጡት ወደ እሷው ነው። ሱቋ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቁልፍ ቀራጭና በጫማ አዳሽ መሃል የተሸጎጠች አንዲት ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ መቁረጫ ጠረጴዛ አላት፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ሱሪዎች ተንጠልጥለዋል።

የጸሎት ቤቱን የጥምቀት ጋውኖች የምትሰፋው እሷ ናት። ይህ ሥራ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ሰው ጋውን ለብሶ ገንዳው ውስጥ ሲገባ ጨርቁ አየር ይዞ ይነፋና ሽቅብ እስከ ብብቱ ይወጣል። አንድ ጊዜ አንዲት በጣም የተከበሩ እናት በምእመናን ሁሉ ፊት ጋውናቸው ፊታቸው ድረስ ተነፍቶባቸው፣ መጋቢው ማጥመቁን ትቶ ጨርቅ ሲያወርድ ታይቷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለሜትሯ በጋውኑ ቅምቅማት ውስጥ ዙሪያውን ሮንዴላ መክተት ጀመረች። ሮንዴላ ያው ብሎን ሥር የሚገባው፣ መሃሉ ቀዳዳ የሆነው ክብ ብረት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝገው ነጩን ጨርቅ አበላሹባት፤ ስለዚህ እያንዳንዱን በላስቲክ ጠቅልላ መስፋት ለመደች።

ሮንዴላውን የሚያመጣላት ታላቅ ወንድሟ ነበር። የከባድ መኪና መካኒክ ነው፤ እጁን ምንም ቢያጥበው ግራሶው ከጥፍሩ ሥር አይወጣም። ጸሎት ቤት ደጃፍ አይደርስም። በቆርቆሮ ጣሳ ያመጣውን ሮንዴላ ጠረጴዛዋ ላይ ያፈሰውና «ይኸው፣ ቅዱሳኑን አስጥሚያቸው!» ይላታል። ያናደዳት መስሎት ነው። እሷ ግን ከሱ ቀልድ በቀር የሚያስቃት ነገር አልነበራትም፤ ጋሽዬ ነው የምትለው፣ አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው።

እንግዲህ የሚያስገርመው ነገር ይሄ ነው፦ ስንቱን ለክታ፣ ስንቱን አልብሳ ገንዳ ያስገባችው ባለሜትሯ ራሷ አልተጠመቀችም።

ሳትፈልግ ቀርታ አይደለም። ከመጠመቅ በፊት የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ምስክርነት መስጠት አለ። እዚያ ደግሞ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ «መቼ ዳንሽ?» በዚያ ጸሎት ቤት ሰው ሁሉ ቀን አለው። አንዱ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ሳለ ልቡ እንደተሰበረ ይናገራል፤ ሌላዋ ድስት እያጠበች የሰማችውን ስብከት፣ የወረደውን እንባ፣ ሰውነቷን የወረራትን ሙቀት ትተርካለች። ዳግም የተወለዱበትን ቀን ከእናታቸው ከተወለዱበት ይልቅ ያውቁታል። ባለሜትሯ ግን እናቷ አዝላት እዚያ ቤት ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው ናት። ያላመነችበትን ጊዜ አታስታውስም፤ ያመነችበትንም አታስታውስም። እንባ አልወረዳትም፣ ሙቀትም አልመጣላትም።

ስለዚህ ቀን ፍለጋ ጀመረች። ሰባኪው በስብከቱ መጨረሻ «ዛሬ ጌታን የሚቀበል እጁን ያንሣ» ሲል ታነሣለች። «ወደ ፊት ና» ሲል ትወጣለች። ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች፤ ምናልባት አሁን፣ ምናልባት ዛሬ ትላለች። የሚመጣው ግን ያው የወንበር መንቋቋትና የሕፃናት ጩኸት ነው። አዲስ አማኞችን የሚቀበለው አስተናጋጅ ሥራው ሥራ ነውና በየጊዜው እየመራ ወደ ጓዳ ይወስዳታል፣ አጸልዮ «እንኳን ወደ ጌታ ቤተሰብ መጣሽ» ይላታል፣ የአዲስ አማኞችን ትንሽ መጽሐፍም ይሰጣታል። እነዚያ መጻሕፍት ቤቷ ተቆልለዋል፤ ከፊሎቹ የሚወዛወዘውን የስፌት መኪናዋን እግር ደግፈዋል። ወጣቶቹ «ዛሬም እሷ!» እያሉ ይንሾካሾኩባታል። ትሰማለች። ግን ምን ታድርግ? ሰው የናፈቀውን ነገር በሳቅ ፈርቶ አይተወውም።

የጥምቀት ትምህርቱንም ደጋግማ ተምራዋለች። የቃል ጥያቄ ሲመጣ ከማንም በፊት ትመልሳለች፤ ሽማግሌዎቹ ፊት የመቅረቢያው ቀን ሲደርስ ግን ያማታል፣ ሥራ ይበዛባታል፣ ካውያው ይቃጠላል። ቀን ፈጥሮ ማውራት አይቻል ነገር፣ ውሸት ሊሆን ነው። በውሸት ገብቶ መጠመቅ ደግሞ ታጥቦ መጨቅየት ሆነባት።

በዚህ መሃል ጋሽዬ ታመመ። ሳንባው ነው። ያ ጋራዥ የሚያናጋ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ሹክሹክታ ሆነ። ሆስፒታል ተኛ፤ እሷም ከሥራ መልስ ሾርባ ይዛ ትሄዳለች፣ አልጋው ጫፍ ትቀመጣለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሾርባውን ሳይነካው ቆየና፦

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ ያንን ነገራችሁን ንገሪኝ» አላት።

«የቱን ነገር ጋሽዬ?»

«ሰው እጁን የሚያነሣበትን።»

ማንኪያውን አስቀመጠች። «መጋቢውን ልጥራልህ?»

«መጋቢው እኔ ትዝ የምለው መኪናው ሲቆምበት ነው። አንቺ ንገሪኝ።»

ነገረችው። ብዙ ጊዜ ስለሰማችው አፏ አልተሳሰረም። «ሁላችንም በድለናል፤ በራሳችን ሥራ እግዚአብሔር ፊት መቆም አንችልም። ስለዚህ እሱ ራሱ ወደ እኛ መጣ። ኢየሱስ በእኛ ቦታ ሞተ፤ ሞቶም አልቀረም፣ ተነሣ። በሱ የሚያምነውን ይቅር ይለዋል፣ ልጁ ያደርገዋል። በሥራ አይደለም ጋሽዬ፣ ስጦታ ነው።»

«ሥራማ ብትፈልጊም አታገኚብኝም። ጠጥቻለሁ፣ ተደባድቤያለሁ፣ ያችን ደግ ሚስቴን አስለቅሼ ሸኝቻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አሁን ምን ልሥራ? ከአልጋ መውረድ እንኳ አቅቶኛል።»

«ምንም። እመነውና ና። የመጣን ሰው አልመልስም ብሏል።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ጋሽዬ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ። ከዚያ ዓይኑን እንኳ ሳይጨፍን «ጌታዬ፣ ይቺ ልጅ ዋሽታ አታውቅም። እንዳለችው ከሆነ፣ መጥቻለሁ» አለ። ቀጥሎም ሾርባውን ጠየቀ። እየበረደም ቢሆን ጨርሶ ጠጣው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

ባለሜትሯ ባዶውን ሳህን ይዛ ቀረች። ደስ ብሏታል፣ እግዚአብሔርን አመስግናለች። ግን ደግሞ ቀናች፤ ወንድሟ ላይ ክፉኛ ቀናች። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ደጅ ስትጠና የኖረችበትን ቤት፣ እሱ በሾርባና በሾርባ መሃል ገባበት።

በማግስቱ ቀለል ብሎት ጠበቃት። «ጋውን ስፊልኝ» አላት፤ «ስድን እጠመቃለሁ። ሰፋ አድርጊው፣ ሮንዴላ ግን እንዳትከቺበት። ዕድሜ ልኬን ብረት ስሸከም ነው የኖርኩት፣ ውሃ ውስጥ እንኳ ልረፍ።»

«ይነፋብሃላ!»

«ይንፋ! አንቺስ መቼ ነው የምትጠመቂው?»

ለማንም ያልተናገረችውን ያኔ ነገረችው፤ ቀኗን እንደማታውቅ፣ ስትፈልገው እንደኖረች። ጋሽዬ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «እኔ መኪና ስጠግን ሹፌሩ የሚጠይቀኝ ሞተሩ ተነሣ ወይ ብሎ ነው። በስንት ሰዓት ተነሣ ያለኝ የለም» አላት። ከዚያ ሳቁን ተወና እጇን ያዘ። «ትናንት ለኔ በቃ አላልሽም? ለኔ የበቃው ላንቺ አይበቃም?»

የአንሶላውን ጫፍ ስታስተካክል፣ መልሳ ስታስተካክል ቆየች።

ጋውኑን ሰፋችው፤ ሰፊ፣ ረጅም፣ ቅምቅማቱ ባዶ። አሳየችው፣ በእጁ ዳብሶ ሮንዴላ አለመኖሩን አረጋገጠ። ሳይለብሰው ሞተ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ማውራት ከባድ ነው። ጋውኑ ሱቋ ግድግዳ ላይ ከተረሱት ሱሪዎች ጋር ተሰቅሎ ከረመ። ደጃፉ ላይ ከባድ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ጫማ ሊያሳድስ የመጣ ሰው ይሆናል። ለቀጣዩ ጥምቀት አዲስ ጋውን ስትሰፋ ሮንዴላ አለቀባት፤ ጋራዡ ሄደች፣ የሥራ ባልደረቦቹ የሱን የቆርቆሮ ጣሳ ሞልተው ሰጧት። ግራሶ ይሸታል። ጣሳውን ይዛ መንገድ ዳር ቆመች፣ ታክሲዎቹ እየሞሉ አለፏት።

በዚያ ዙር አልታመመችም፣ ካውያውም አልተቃጠለም። ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረበች። ዋናው ሽማግሌ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው፤ ሰው ሲጠይቅ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ያወርዳል። መጋቢው አጠገቡ ተቀምጧል።

«እህቴ፣ መቼ ዳንሽ?»

«አላውቅም» አለች። «ቀን የለኝም። ሲመጣልኝ እቀርባለሁ ብዬ ጠበቅኩ፣ አልመጣም።»

መጋቢው ሊናገር ሲል ሽማግሌው በእጁ አስቆመው። «ወንድምሽ ድኗል ብለሽ ታምኛለሽ?»

«አዎ» አለች፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«በምን አወቅሽ? አልቅሶ ነበር?»

«ኧረ እሱ! ሾርባ ነው የጠየቀው።»

«ታዲያ?»

«የመጣን ሰው አልመልስም ያለው ጌታ ነዋ! እሱ ደግሞ መጣ።»

«አንቺስ?» አላት ሽማግሌው ቀስ ብሎ። «አንቺ መጥተሻል?»

ባለሜትሯ ተናደደች። እውነት ለመናገር እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ሊስቅባት የጠራት መሰላት። «እኔ ከመምጣት በቀር ምን ሠርቼ አውቃለሁ?» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እጅ ሲባል ሳነሣ፣ ውጡ ሲባል ስወጣ አይደል የኖርኩት? እናንተስ አላያችሁኝም?»

ከዚያ የተናገረችውን ራሷ ሰማችው። አፏን በእጇ ያዘች። ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ፣ መጋቢውም «እናጠምቃታለን» አለ።

ለራሷ ጋውን አልሰፋችም። ከውስጥ ሱሪ ለበሰችና የወንድሟን ጋውን ደረበች፤ እጅጌው ጣቷን አልፎ ይንጠለጠላል። ገንዳው ውስጥ ስትወርድ ጨርቁ ተነፍቶ እስከ አገጯ ወጣ። «ባለሜትሯ፣ ሮንዴላው የት ሄደ?» አለ አንዱ ወጣት፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ። በሁለት እጇ ልትደፍቀው ሞከረች፤ በዚህ ሲሉት በዚያ ይነሣል። «ይንፋ!» ብላ ተወችው። መጋቢው በኢየሱስ ታምን እንደሆነ ጠየቃት፣ «አምናለሁ» አለች፣ ገብታ ወጣች። ጠበቀች፤ ልማድ ሆኖባት ነው። ሙቀት የለም፤ ውሃው ይበርዳል፣ አንዱ ጆሮዋ ተደፍኗል። ከሁሉ በላይ ግን ጋሽዬ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲስቅባት ማየት አማራት።

በሚቀጥለው ጉባኤ ሰባኪው «ዛሬ ጌታን የሚቀበል» ሲል እጇ በራሱ ከጉልበቷ ተነሣ። አስተናጋጁም የለመደ ነውና ትንሿን መጽሐፍ ይዞ በወንበሮቹ መሃል መጣላት። እጇን መልሳ አወረደችና ራሷን ነቀነቀች።

«መጥቻለሁ» አለችው።

ቃሉን ስትለው የሆስፒታሉ ክፍል መጣባት፤ ያ የሳሳ ድምፅ፣ ጣሪያውን የሚያይ ዓይን፣ ከጥፍር ሥር ያልወጣ ግራሶ። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው እንባ ያኔ ፈሰሰ፣ ሜትሩን እስኪያርሰው ድረስ። አስተናጋጁ የናፈቀችው ቀን በመጨረሻ መጣላት ብሎ «ሃሌሉያ» እያለ አጠገቧ ተንበረከከ። ወንድሟን እያለቀሰች እንደሆነ አልነገረችውም።