የተራመድኩት ሳር

ቅዱሳን፣ ዛሬ የቆምኩት እዚሁ መድረክ ላይ ከዓመታት በፊት የሰጠሁትን ምስክርነት ላርም ነው። ታገሡኝ።

ዶርዜ ሸማ እየሠራሁ አደግኩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል ያወቅኩት ራሴን አስተምሬ ነው። ጌታን ሳገኝ መጠጥና ጠብ ተውኩ፤ ስሙ ይባረክ። ትዕቢቴን ግን ይዤው ገባሁ።

ልጄን አስቴርን፣ እናቷ ስለሞተችብን፣ ብቻዬን አሳደግኳት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሶሺዮሎጂ ስታጠና ደስ አለኝ። በሚሊኒየሙ ሰሞን ግን፣ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የጋሞ ሽማግሌዎች ሰው እንዴት እንደሚያስታርቁ አጠናለሁ፣ ከዚያም አስተማሪ እሆናለሁ አለችኝ። ከባዕድ አምልኮ ያወጣኋት ልጅ ተመልሳ ልትገባበት መሰለኝ። ጥናትሽን ወይም ቤቴን ምረጪ አልኳት። ታላቅ ወንድሜ ቤት ሄደች።

ወንድሜ እንደ እኛ አላመነም፤ ሰላም ግን ይወድ ነበር። ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣና የእርቅ ልመና እርጥብ ሳር ይዞ ደጄ ላይ ተንበረከከ። አገራችንን ታውቃላችሁ፤ ጦር የያዘ ሰው እንኳ ያንን ሳር አይራመድም። «ወንድሜ፣ ስለ ልጅቷ ስትል» አለኝ። ተራምጄው ወደዚህ መጣሁ። የአባቶቼን ልማድ ረገጥኩ ብዬ መሰከርኩ፤ እናንተም እልል አላችሁ።

አስቴር ዶክተር፣ ቀጥሎም ፕሮፌሰር ሆነች። ሲቀላ ገበያ የፕሮፌሰሯ አባት ሲሉኝ ደረቴን እነፋለሁ። ስትመረቅ ከጎኗ የቆመው ግን ወንድሜ ነው። እሱም ሳልታረቀው ሞተ።

ባለፈው ሰሞን ሴቻ አዳራሽ ስለ እርቅ እንደምትናገር ሰምቼ ሄድኩ፤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ስም ሳትጠራ፣ ሳሩን የተራመደውን ሰው ታሪክ አነሳች። አንድ ተማሪ፣ ሰውዬው ልብ የሚባል አልፈጠረበትም እንዴ ብሎ አሳቃቸው። እሷ አልሳቀችም።

«እንደዚያ አትበል። ራሱን ያስተማረ ሰው ነው፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ለምን እንደተራመደው ግን ሄጄ አልጠየቅኩትም። ጥናቴ እዚያ ላይ ጎዶሎ ነው» አለች።

ተነሳሁ።

«ለጌታ የቀናሁ መስሎኝ ነበር» አልኳት። «ለካ እልልታውን ፈልጌ ነው። በድዬሻለሁ፣ ልጄ።»

መልሴን ልትጽፍ እስክሪብቶ አነሳች፤ አልቻለችም።

«አባባ፣ ይቀመጡ» አለችኝ። «እኔ እመጣለሁ።»

መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጌታ ይባረክ። ዳንኩ ካልኩ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ልቤ የተመለሰው ግን ያን ቀን ነው።

ከትናንት ወዲያ ወንድሜ መቃብር ላይ እርጥብ ሳር ይዤ ተንበረከክሁ። ተነሥ የሚለኝ አልነበረም። ወገኖቼ፣ ደጃችሁ ላይ የሚለምናችሁ ሰው ካለ፣ በሕይወት ሳለ አንሡት። እኔን በዚህ ዕድሜዬ ያልተወኝን ጌታ ታመኑት። እልልታችሁን ግን ዛሬ ለእኔ አታድርጉት።