ከኋላ ወንበር ስር

መጀመሪያ ደከመ የተባለው የእኔ ድምፅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ባለቤቴና እኔ መሪ ሰፈር ካለው ኮንዶሚኒየማችን ተነስተን እንጦጦ እንወጣለን። እሱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ነን። ባሕር ዛፉ መሃል አንድ ገላጣ ቦታ አለችን፤ መኪናዋን እዚያ ያቆማል። ትንሽ በእግሩ ዞር ዞር ይልና ተመልሶ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ይቀመጣል። እኔ አነብለታለሁ።

ማንበቡ ግን ከእንጦጦ ይቀድማል። እኔ ትምህርት የጀመርኩት ሁለት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። የማታ ስማር እሱ የሚነዳውን የጭነት መኪና ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቁሞ ይጠብቀኝ ነበር። ገና በሩን ስዘጋ፣ "እሺ ተማሪ፣ ዛሬ ምን አሏችሁ?" ይለኛል። ደብተሬን ገልጬ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነብለታለሁ። ሰባተኛና ስምንተኛን አብረን ተማርን ማለት ይቻላል፤ የምስክር ወረቀቱ ላይ ግን የእኔ ስም ብቻ ነው ያለው። ዛሬም "ተማሪ" ነው የሚለኝ።

እንግዲህ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ፣ በንባቤ መሃል፣

"ድምፅሽ ደከመ" አለኝ።

"የእኔ?"

"አፍሽ ውስጥ ነው የሚቀረው። ከፍ አድርጊው እስቲ።"

አመንኩት። ድሮም ድምፀ ትንሽ ነኝ፤ ስናገር ሰው አንገቱን ያሰግጋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝንጅብል በማር እያፈላሁ ጠጣሁ። ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ቆሜ ዳዊት ጮክ ብዬ እያነበብኩ ጉሮሮዬን አለማመድኩ። የግድግዳ ጎረቤቴ ደረጃው ላይ አግኝታኝ፣ "ስለት አለብሽ እንዴ እህቴ?" አለችኝ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ከኋላ ወንበር ስር "ድም" የሚል ነገር ሰማሁ። ኋላ የተቀመጠ ሰው በጉልበቱ ወንበሩን ገፋ እንደማድረግ ያለ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ከጃንጥላችን በቀር ምንም የለም። ትንሽ ሄደን፣ ነዳጁን ለቀቅ አድርጎ መልሶ ሲረግጥ፣ ደገመው።

ባለቤቴን አየሁት። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ለማሳለፍ ወደ ዳር ጠጋ አለ እንጂ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

ይህ ሰው ማን እንደሆነ ልናገር። ሲነዳ የሆነ ነገር የጠረጠረ እንደሆነ ዳሽቦርዱን በጣቱ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፤ ዝም በሉ ማለት ነው። ልጆቻችን ሳያለቅሱ ዝም ማለትን የተማሩት በዚያ ጣት ነው። "መኪና ሳትነግርህ አትበላሽም" ይላል፤ "መንገድ ላይ የሚያድር የማይሰማ ሹፌር ነው።" ሦስተኛ ፎቅ በረንዳችን ላይ ተቀምጦ፣ ከታች የሚገባውን የጎረቤት መኪና ሳያይ፣ "የዚህ ሰውዬ የፍሬን ሸራ አልቋል" ይል ነበር። ሄደው ሲያስፈትሹት አልቆ ይገኛል።

እና ያን ቀን ስለ ጉሮሮዬ ያመንኩት ሁሉ ፈረሰ። የደከመው ድምፄ አልነበረም።

አልነገርኩትም። ይህን ሰው የማይሰማ ሹፌር ብሎ የሚጠራው ሌላ ማንም ሳይሆን እሱ ራሱ ነው፤ ብነግረው ያን ቀን የመኪናዋን ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ይሰቅልና ዳግም አያነሳውም ብዬ ፈራሁ። እኔም መንዳት አልችልም። እንጦጦም፣ ንባቡም፣ "እሺ ተማሪ"ም አብረው ሊሰቀሉ ነው። ስለዚህ ራሱ እስኪሰማው እጠብቃለሁ አልኩ። ስጠብቅ ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ በማነበው መጽሐፍ የመጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። "ነዳጅ ተለቆ ሲረገጥ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ። ዳገት ላይ ይብሳል። ሜዳ ላይ የለም። ወደ ኋላ ስንሄድም አለ፤ የዚህኛው ድምፅ ግን ቀጭን ነው።"

ገጹ ሊሞላ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ዳገቱ አጋማሽ ላይ መኪናዋ ወለሉ እስኪነዝር ድረስ ተመታች። ይህን በእግሩ ሰማው።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለና ቆመ።

በቀስታ ወርደን ኮተቤ ወዳለው ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ ድሮ በጭነት መኪናው ላይ የባለቤቴ ረዳት የነበረ፣ አሁን ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አስቆመና ከስሯ ገባ። ባለቤቴ መሪው ላይ ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ ፍሬን ይያዙና የኋላ ማርሽ ያስገቡ" አለ ከታች።

ባለቤቴ አልተንቀሳቀሰም።

"የኋላ ማርሽ ጋሼ!"

በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ "የኋላ ማርሽ" አልኩት። አስገባ። ከታች "ድም" አለ።

መካኒኩ እጁን እየጠረገ ወጣና ጠርቶ አሳየን። ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ትልቁ ብረት፣ ዲፈረንሻሉ፣ ከመኪናዋ አካል ጋር የታሰረው በሦስት ቦታ ነው። ብረት ከብረት እንዳይላተም በየማሰሪያው መሃል ክብ ጎማ ይገባል፤ ጎሚኒ ይሉታል። የፊተኛው ጎሚኒ ዙሪያውን ተቀዶ እንደ ደረቀ ቆሎ ይረግፋል።

"ይሄ የዛሬ አይደለም ጋሼ። ስንት ጊዜ ሲደበድብ ከርሟል። እርስዎ እንዴት አልሰሙትም? ለሰው መኪና የሚደርስ ጆሮ ለራሱ ሲሆን ተኛ?"

አጠገቡ ጎማ የሚፈታ አንድ ሰውዬ፣ "ጡረታ ወጥቷላ ጆሮውም" አለ። ሳቁ።

ባለቤቴ ኮፍያውን አውልቆ ጠርዙን ማዞር ጀመረ። ሳቃቸውን እንጂ ቃሉን እንዳልሰማ አወቅሁ። ፊታቸውን ተራ በተራ ያያል።

ውሸት አይሆንልኝም። እውነቱን ግን ከየትኛው ጫፍ እንደምጀምር መምረጥ እችላለሁ።

"እኔ ሰምቼዋለሁ" አልኩ። "ሳልነግረው የቀረሁት እኔ ነኝ።"

"እንዴ፣ ለምን እትዬ?"

"ለእሱ ነው የምመልሰው። አንተ ይሄን ስማ።"

መጽሐፉን ከቦርሳዬ አወጣሁና የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩ፤ ወጥ ቤት በተለማመድኩት ድምፅ፣ ፊቴን ወደ ባለቤቴ አድርጌ። ጎማ የሚፈታውም ሰውዬ ሥራውን አቆመ። ወደ ኋላ ስንሄድ ድምፁ ቀጭን ነው የሚለው ጋ ስደርስ መካኒኩ እጁን አነሳ።

"ቆይ እትዬ፣ እሷን ይድገሟት።"

ደገምኩለት። ተመልሶ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ሲወጣ ሳቁ የለም። "ከኋለኞቹም አንደኛው ተሰንጥቋል። የፊተኛውን ብቻ ቀይሬ ልሸኛችሁ ነበር።" ከዚያ ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ይቺን ሴት እርስዎ ነዎት ያስተማሯት?"

ይህን ሰማው። "አብረን ነው የተማርነው" አለ።

ጎሚኒዎቹ ከመርካቶ እስኪመጡ አጥሩ ስር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ወደ እኔ ዞሮ፣

"መቼ ነው የሰማሽው?" አለኝ።

"ክረምቱ ሲወጣ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ እስክትሰማው ስጠብቅ።"

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፣ አጠፈው፣ እንደገና ዘረጋው።

"ድምፅሽ አልነበረማ የደከመው።"

"አልነበረም።"

"ያ ሁሉ ዝንጅብል?"

"ጠጣሁት።"

መጀመሪያ ትከሻው ነው የሳቀው። ቀጥሎ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ዓይኑን በመዳፉ ጠርጎ፣ "ማክሰኞ ጆሮዬን አሳያለሁ" አለ። "አብረሽኝ ትገቢያለሽ። ሐኪሙ የሚለውን ስሚልኝ።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ዳገት ወጣን። እንጨት ተሸካሚዎቹን አሳለፍን። ዳገቱ ሲከብድ ጣቱን ዘርግቶ ዳሽቦርዱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። ዝም ብዬ ስለነበር ገረመኝ። ዞር ስል እኔን ያየኛል።

"ምን አለች?"

ዓይኔን ጨፈንኩ። ነዳጁን ለቀቀ፣ መልሶ ረገጠ። ለቀቀ፣ ረገጠ። ከኋላ ወንበር ስር ምንም የለም።

"ከኋላ ምንም አላለችም" አልኩት። "ከፊት፣ በእኔ በኩል ግን፣ ወደ ግራ ስትጠመዝዝ የምትንጫጫ ነገር አለች።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ሁለት ጊዜ ብላለች።"

ራሱን ነቀነቀና መንገዱን እያየ፣ "እሺ ተማሪ፣ ጻፊያት" አለኝ።