የአጎቴ ቀርከሃ ያበበ ዓመት

አጎቴ ጎተራ ሠሪ ናቸው። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለው ግቢያቸው የቆመውን ቀርከሃ የተከሉት አባታቸው ነበሩ፤ እሳቸው እየቆረጡ፣ እየሰነጠቁ፣ እየጎነጎኑ ልጆቻቸውን አሳድገውበታል። አምና በጥቢ ቀርከሃው አበበ።

አበባ ሲባል የሚያምር ነገር እንዳይመስላችሁ። ከየቅርንጫፉ ጫፍ የገብስ ዛላ የሚመስል ደረቅ ነገር ይንጠለጠላል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ከዚያ ግንዱ ሁሉ በቆመበት ይደርቃል። በሰፈራቸው ደግሞ ቀርከሃ ያበበበት ሰው ዓመት አይደግምም ይባላል። አጎቴ ይህን አምነው ንስሐ አባታቸውን አስጠሩ፣ በሬያቸውን ለማን እንደሚተዉ ተናዘዙ፣ ሥራቸውንም አቆሙ። እብናት ላገባችው የመጨረሻ ልጃቸው ግን እንዳንነግራት ሁላችንንም አስማሉን።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት ዘረመል አስተምራለሁ፤ አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩና አስረዳኋቸው። ቀርከሃ ዕድሜውን የሚቆጥረው በገዛ ዘረመሉ ነው፤ እንዴት እንደሚቆጥር እኛም ገና አጥርተን አናውቅም፤ ብቻ ጊዜው ሲሞላ እንዲያብብ የሚያዘው እሱ ነው። ከአንድ እናት የተከፈለ ሥር የትም ቢተከል ዕድሜው ያው ነውና አብሮ ያብባል፣ አብሮ ይደርቃል። የባለቤቱን ዕድሜ ከየት ያውቃል? እንዲያምኑኝ ብዬም ጨመርኩበት፦ ልጅዎ ጎጆ ስትወጣ እንደ ወጉ ከዚህ ቆፍረው የሰጧት ሥርም ይሄኔ አብቦ ይሆናል አልኳቸው።

የአጎቴ ፊት አመድ መሰለ።

"የልጄም?" አሉ።

ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ የሰሙት ይህችን ብቻ ነበር። ለራሳቸው ሞት ተረጋግተው የተቀመጡት ሰው ጋቢያቸውን አንስተው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። በሚኒባስ ወደ እብናት ሄድን። በአፌ አፈርኩ፤ አለቀስኩም።

ልጃቸው ደህና ነበረች። ጓሮዋ ያለው ቀርከሃ ከላይ እስከ ታች አብቧል፤ እሷም ዶሮ ሳይለቅመው ዘሩን ነጠላዋ ላይ እያራገፈች ነበር። አባቷን ስታይ ደንግጣ በቁመቷ ልትጋርደው ሞከረች።

"ካበበ ቆይቷል፣ አባዬ" አለች። "የደበቅሁዎ ትሞትብኛለች ብለው እንዳይታመሙ ብዬ ነው።"

አጎቴ ያገኙት ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። የእሳቸውም ማበቡን፣ እሷ እንዳትሰማ እኛን ማስማላቸውን እያለቀሱ ነገሯት። ዕንባቸውን ሲጨርሱ ዘሩን ተቀብለው በመዳፋቸው እያሹ አዩት፤ ይህ ተዘርቶ ለጎተራ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅም ጠየቁኝ። ብዙ እንደሆነ፣ እሳቸው ላይደርሱበት እንደሚችሉ ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

"እሷስ ትደርስበታለች?"

"ትደርስበታለች።"

ይህንን አመኑኝ። ተነሡና ዶማ አምጪ አሏት።