በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ ብርዝ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስኳር በሙቅ ውሃ ቶሎ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብሎ እንደሚሟሟ በሁለት ብርጭቆ እያሳየሁ፣ ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ተማሪ ሳይ ጠመኔ እየወረወርኩ፣ ስንት ዓመት ለፍልፌያለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ "ምን ታድርግ፣ አታውቅም ነበር" ብሎ የሚያዝንልኝ እንዳይኖር ነው። አውቅ ነበር።

ሽማግሌዎች ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ሮብ ገበያ አጠገብ ወዳለው የወላጆቼ ቤት ለሁለተኛ ጊዜ የመጡ ዕለት ነው። የላካቸው አብሮኝ የሚያስተምር፣ እኔም ካላገባሁት ሞቼ እገኛለሁ ያልኩት ሰው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ አባቴ "ዘመድ ላማክር" ብሎ መልሷቸዋል። ዛሬ ቁርጡ ይታወቃል። ብርዙን መበጥበጥ የእኔ ድርሻ ሆነ።

"ውሃውን ለብ አድርጊው፤ ማሩ በብርዱ ረግቷል" አለች እናቴ።

"አውቃለሁ!" አልኳት። ይህች ቃል ያልከተተችኝ ጣጣ የለም። ደብረ ማርቆስ ከተማ ከፍሪጅ የወጣ ብርዝ ለምጄ፣ ሞቅ ያለውን ለእንግዳ ማቅረብ ነውር መሰለኝ። ከጮቄ የሚወርደውን ጥርስ የሚያረግፍ ውሃ በባልዲ ሞልቼ ነጩን ማር ጨመርኩበት፤ በማማሰያ አማሰልኩት። ወዲያው እንግዶቹ ደረሱ። ከላይ ከላዩ በጆግ ቀዳሁና እናቴ ይዛላቸው ገባች።

ሦስት ናቸው፤ አንድ ቄስ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ አንድ ደግሞ የላካቸው ልጅ የተከራየበት ቤት ባለቤት የሆኑ ሙስሊም ነጋዴ። ጆሮዬን ከጓዳው ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ቄሱና መምህሩ ልጁን እየተቀባበሉ አሞገሱት። ቁጣ የሚባል አያውቅም፣ ድምፁ ከጎረቤት ተሰምቶ አያውቅም አሉ። ማንን ሊያጋቡኝ እንደመጡ ግራ ገባኝ።

ከዚያ ጠጡ።

"እሰይ! እንዲህ ያለ ብርዝ ከጠጣሁ ስንት ዘመኔ!" አሉ ቄሱ።

"ማሩ ጉሮሮ ይይዛል" አሉ መምህሩ።

በደስታ ከባልዲው ጨልፌ ቀመስኩ። ውሃ ነው። ማማሰያውን ብሰድ ማሩ እንደረጋ ከሥር ተጋድሟል።

አባቴም ቀምሶ ኖሯል።

"ወገኖቼ፣ ይህ ውሃ ነው" አለ። "ውሃውን ማር ካላችሁኝ፣ ልጁንስ ምን ብላችሁኝ ይሆን?"

ባልዲ ሥር በቀረ ማር ትዳሬ ሳይጀመር ሊፈርስ ነው። እናቴ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ከምድጃው ላይ ድስት ሙሉ ሙቅ ውሃ አንስታ ባልዲው ውስጥ ገለበጠችው፤ ጥቂት ብታማስለው ማሩ ሟሙቶ ጠፋ። ማማሰያውን እጄ ላይ አስይዛኝ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ጊዜ እስካሁን ዝም ያሉት ነጋዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እውነትዎን ነው። እኔም የጠጣሁት ውሃ ነው። ቤት ያፈራውን አይነቅፉም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

"እርስዎ አከራዩ ነዎት" አለ አባቴ። "ልጁስ?"

"ልጁማ ሲናደድ ይጮኻል። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ሁሉም ይሰማኛል። ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ የጮኸበትን ሰው ፈልጎ ይቅርታ ይጠይቃል። ይህን አንድም ቀን አሳድሮት አያውቅም።"

ሰውዬውን ረገምኳቸው። አለቀልኝ ብዬ የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ።

አባቴ ሲስቅ ሰማሁት።

"መጮኹንስ እሷም ትጮኻለች፤ እንዲያውም ትብሳለች። ይቅርታውን ከእሱ ትማር። ሰጥቻለሁ።"

ደስታውና ንዴቱ አንድ ላይ መጡብኝ።

"እኔ መቼ ጮኼ አውቃለሁ!" ብዬ ቤቱ እስኪናጋ ጮኽኩ።