ሦስት ዘበኛ የቆመበት ሰርቨር

ቫይረስ አይደለም። ሰርቨር በተንቀራፈፈ ቁጥር ሶዶ ውስጥ ያለ ቢሮ ሁሉ «ቫይረስ ገባበት» ይላል። ቃሉ የሚወደደው ማንንም ስለማያስጠይቅ ነው።

የመሬት ይዞታ መረጃ በሚያዝበት አንድ ቢሮ ኮምፒውተሮቹን የምከታተለው እኔ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ከሃላሌ የመጡ ባላቸው የሞቱባቸው እናት መስኮቱ ላይ ቆሙ። የባላቸው ወንድም የእንሰት ማሳቸውን «የእኔ ነው» ብሎ ከሷቸዋል። ዳኛው የይዞታ ማረጋገጫቸውን ቅጂ ከምሳ በፊት እንዲያቀርቡ አዘዋል፤ ካላቀረቡ ማሳው ይሄዳል።

«ሲስተም የለም እናቴ፣ ነገ ይምጡ» አለቻቸው ሠራተኛዋ።

«ነገ ዳኛው ይጠብቀኛል? አጎትሽ ነው እንዴ?»

ኃላፊያችን ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። «ቫይረስ ነው! ከሥልጠና ያመጣሁት አንቲቫይረስ አልቻለውም ማለት ነው» አሉና ሰርቨሩን አጥፍተው አበሩት። የእኛ ቢሮ መድኃኒት ይኸው ነው፤ ማጥፋትና ማብራት።

ዊንዶውሱ ሲነሣ ሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፍቼ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ በሚበሉት መጠን ደረደርኳቸው። ከላይ የተቀመጡት ሦስት አንቲቫይረሶች ነበሩ። እዚያ ቢሮ የተሾመ ሁሉ የራሱን ያስጭናል፤ የቀድሞውን ግን አያነሣም፣ የሹም ሥራ መንካት ነውር ነዋ። የመዝገብ ፕሮግራሙ አንድ ፋይል ሲከፍት ሦስቱም ይፈትሹታል፤ ከዚያ አንዱ የሌላውን እጅ ይፈትሻል። አንድ በር ላይ ሦስት ዘበኛ ቆሞ እርስ በርሱ ኪስ ሲበረብር ባለጉዳዩ ፀሐይ ላይ ይቀራል። ሰርቨሩ በጠፋና በበራ ቁጥር ደግሞ ፍተሻውን ሁሉም ከሀ ይጀምራሉ። ኃላፊያችን በሽታውን በገዛ እጃቸው አደሱት።

«ሁለቱን ላንሣቸው» አልኩ።

«በምን ሥልጣንህ? የቀድሞው ኃላፊ ያስጫኑትን? በኋላ ንብረት አጎደለ ብባልስ?»

«ሴትዮዋ ማሳቸው ሊወሰድ ነው።»

«ኮሚቴ ይየው።»

ለኮምፒውተር ፕሮግራም ኮሚቴ! እሳቸው ስልክ ሊያነሡ ዞር ሲሉ ሁለቱን አጠፋኋቸው። ፕሮሰሰሩ ወዲያው ተነፈሰ፤ የሴትዮዋ ማረጋገጫ ተገኘ፤ ታተመ። ይዣቸው በባጃጅ ወደ ፍርድ ቤት ከነፍኩ።

ስንደርስ ችሎቱ ተነሥቷል። «ማስረጃ አላቀረቡም ተብሎ ተወስኗል፤ ይግባኝ ማለት ይችላሉ» አለ የመዝገብ ሠራተኛው፣ ምሳ ግብዣ የጠራን ያህል በትሕትና። ሴትዮዋ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እንሰቱን እኮ የተከልኩት እኔ ነኝ።»



አንተም መስኮት ጀርባ የምትሠራ ወይም ቢሮ የምትመራ ከሆንክ፣ «ነገ ይምጡ» ከማለትህ በፊት ተነሥና ሰርቨሩን የሚበላው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ እይ። ያስጫንከው አንተ ከሆንክ ዛሬውኑ አንሣው።