እትዬን አንቺ ያልኳቸው ቀን

የሥጋ ማጨሻው መጀመሪያ የነዘረኝ ጠዋት ነው። ክዳኑን በጨርቅ ልወለውል እጄን ሳሳርፍ፣ ከጣቶቼ እስከ ክርኔ ጉንዳን የሮጠ መሰለኝ። እጄን ሰብስቤ ቆምኩ። ዝናቡ ሲወርድ ስላደረ ኮንጎ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነበር። ብርዱ ይሆናል ብዬ እንደገና በአንድ ጣቴ ነካሁት። ብርድ አልነበረም።

የምሠራው ከደባርቅ ከፍ ብሎ ቡይት ራስ ላይ ባለ ሎጅ ነው፤ የወጥ ቤት ረዳት ነኝ። ማጨሻውን የሎጁ ባለቤት ያመጣው ፈረንጆች በጭስ የበሰለ ሥጋ ይወዳሉ ብሎ ነው። በጎኑ ሳጥን አለው። ሳጥኑ ውስጥ ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ፣ የዶሮ መኖ የሚመስል እንክብል ይሞላል። በኤሌክትሪክ የሚዞር ብረት እንክብሉን ጥቂት በጥቂት እየገፋ ወደ እሳቱ ያወርደዋል፤ ሥጋው ቀኑን ሙሉ በጭሱ ይበስላል። የቆመው ደጅ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው። በበጋ ደህና ነበር። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮ ከላዩ አደረግንለት፤ ግን የእኛ አገር ዝናብ ከላይ ብቻ አይመጣም፣ ከነፋሱ ጋር በጎን ይገባል። ኤሌክትሪክ የሚያደርስለትን የኤክስቴንሽን ገመድ ራስ በፌስታል ጠቅልለን በሲባጎ አስረነዋል።

ባለቤቱ ወደ ጎንደር ሲወርድ አጥብቆ የነገረን፣ እሳቱ ሳይበርድ ኤሌክትሪኩን እንዳንነቅል ነው። ከተነቀለ እሳቱን የሚያናፋው ማራገቢያ ይቆማል፣ እሳቱም እንክብሉን ተከትሎ ወደ ሳጥኑ ይወጣል። ሳጥኑ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጠግቷል፤ ግድግዳው እንጨት ነው፣ ጣሪያው ሣር ነው። ይህን ሲል የሚያየው እኔን ነበር።

መነዘሬን ለጥበቃው ነገርኩት። ጥበቃ ይባል እንጂ አምፖል የሚቀይረውም ቧንቧ የሚጠግነውም እሱ ነው። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የጎማ ቦቲ አድርጎ እያፏጨ መጣና መዳፉን ክዳኑ ላይ ለጠፈ። ምንም አልሆነም። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞረና፣

«እትዬ፣ ይችን ልጅ ማጨሻው ነዘራት አሉ። ሽማግሌ ይላክ እንጂ እንዲህ በደጅ ደግ አይደለም» አለ።

እትዬ የወጥ ቤቱ አለቃ ናቸው። ሽንኩርት እየላጡ ቀና ሳይሉ፣ «ጥሎሹስ ምን ሊሆን ነው? ጭስ?» አሉት።

ሁለቱም ሳቁ። እኔም በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ሳቅሁ። አንድ ጊዜ ከተሳቀበት በኋላ ነገሩን ደግሜ ማንሳት አልቻልኩም። ተፈጥሮዬ ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁም መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም ነበር።

ፍርሃቴ ግን አልሳቀም። ልጅ ሆኜ፣ ዳባት አጠገብ ባለው ሰፈራችን፣ እንዲህ ባለ ዝናብ የመብራት ሽቦ ተበጥሶ ማሳ ላይ ወደቀ። የጎረቤታችን በሬ ሽቦውን አልነካውም፤ እርጥቡን መሬት ረገጠ፣ ከዚያ ጉልበቱ ታጠፈና ሳይጮህ ተዘረጋ። ጎረቤታችን ወደ በሬው ሊሮጥ ሲል ሰዎች ወገቡን ይዘው አስቀሩት። በሬው ሳይጮህ መውደቁ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።

ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር እትዬ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቅዳሴ ሄዱ። የቄስ ሚስት ናቸው፤ የፍልሰታ ቅዳሴ አያመልጣቸውም። ሲሄዱ እንክብሉ እንዳያልቅ፣ ከላይ ከጊች ካምፕ የሚወርዱት እንግዶች ሳይመጡ ሥጋው እንዲደርስ እዪ አሉኝ። ጥበቃው የግቢው በር ላይ ነበር። እኔና ማጨሻው ብቻችንን ቀረን።

ቀጥሎ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው ሲደበደብ የራሴን ትንፋሽ እንኳ አልሰማም ነበር። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ በማጨሻው እግሮች መሐል ቦይ ሠራ። የሳጥኑን ክዳን በእንጨት ማማሰያ ብድግ አድርጌ በፕላስቲክ ጆግ እንክብል ጨመርኩ፤ ብረቱን አልነካሁም። ዳር ዳሩን ዝናብ የነካው እንክብል አብጦ ዱቄት ሆኗል። ማሽኑ አቃሰተ፣ ቆም አለ፣ ደግሞ ዞረ። የኤክስቴንሽኑ ፌስታል ውስጥ ውሃ ገብቶ ሆዱ ተነፍቶ ነበር።

ወደ ባለቤቱ ስደውል ኔትወርክ የለም። ጥበቃውን ብጠራ ደግሞ እንደ ጠዋቱ ይስቃል። ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ያለውን የኤሌክትሪክ ማጥፊያ፣ ብሬከሩን፣ አየሁት። ባጠፋው እሳቱ ወደ ሳጥኑ ይወጣል፣ ቤቱ ይቃጠላል፣ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ባላጠፋው ደግሞ ብረቱ ሰው ይገድላል። አንድ ነገር ብቻ ታየኝ፦ እዚሁ ከቆምኩ ማንም አይነካውም። ስለዚህ ቆምኩ። ከቦዩ ራቅ ብዬ፣ እንደ ዘብ ቆምኩ።

እትዬ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ያሉት ባልጠበቅሁት በኩል፣ በጓሮው መንገድ ነው። ነጠላቸው ገላቸው ላይ ተጣብቋል። ጭቃው በጫማ ስላላስኬዳቸው ጫማቸውን አውልቀው በግራ እጃቸው ይዘዋል። ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ወደ ቤት አልገቡም፤ ልማዳቸው ነው፣ መጀመሪያ ሥጋውን ያያሉ። ባዶ እግራቸውን ቦዩ ውስጥ አስገቡ።

«እትዬ፣ ባይነኩት…» አልኩ።

ድምፄን በረዶው ዋጠው። እጃቸውን ወደ ክዳኑ ዘረጉ።

«አትንኪ! አንቺ! አትንኪ!»

የማን ድምፅ እንደሆነ እኔም አላወቅሁም። እሳቸውን ባላቸው እንኳ በሰው ፊት አንቱ ነው የሚሏቸው። እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። ቀስ ብለው ዞሩና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ማንን ነው?» አሉ።

ወደ እሳቸው ሮጬ ነጠላቸውን ይዤ ከውሃው ጎተትኳቸው። ይህ ደግሞ ሁለተኛ ድፍረት ነው። እጄን መንጭቀው ሊያስለቅቁኝ ሲሉ ጥበቃው ጩኸቴን ሰምቶ ደረሰ። እያለቀስኩ ብረቱን አሳየሁት። አሁን አልቀለደም፤ የእትዬን እግር አየ፣ የራሱን ቦቲ አየ። ከኪሱ የኤሌክትሪክ መፈተሻውን፣ ቴስተሩን፣ አውጥቶ ጫፉን ክዳኑ ላይ አሳረፈ። ቴስተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል ቀይ ሆና በራች።

ሮጦ ገብቶ ብሬከሩን አጠፋ። ማራገቢያው ዝም አለ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቱ እንዳለው ከሳጥኑ ጭስ መውጣት ጀመረ። እኔ በጆግ፣ እሱ በአካፋ እንክብሉን እየዛቅን ዝናቡ ላይ ደፋነው። ታች ያለው ጠቁሮ፣ ጫፉ ፍም ሆኖ ነበር። ጆጉ ቀልጦ እጄ ላይ ተጣበቀ። ግድግዳው ግን አልተያዘም። ሥጋውን እትዬ ድስት ውስጥ ከተው በእንጨት እሳት ጨረሱት።

እንግዶቹ በልተው እስኪነሡ ድረስ እትዬ አላናገሩኝም። ለእኔ ያ ከማጨሻው ያላነሰ ፍርሃት ነበር። በመጨረሻ ሄጄ እግራቸው ሥር ወደቅሁና ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

«ተነሽ» አሉኝ። ደግሞም፣ «እኔ እኮ የዞርኩት አንቺ ስላልሽኝ ልቆጣሽ ነው» አሉ።

ጫማቸውን አንስተው ጭቃውን በቢላ መፋቅ ጀመሩ።

በኋላ ከደባርቅ የተጠራ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የሚነዝረው ወደ መሬት እንዲወርድ ከማጨሻው ሽቦ አውጥቶ ቀበረ፤ አሁን በዝናብም ችግር የለውም ብሎ ሄደ። እትዬ ግን አላመኑትም። ያመኑት እኔን ነው። ሰማዩ ሲጠቁር ማጨሻውን ሳይነኩ ከፊቱ ቆመው ይጠሩኛል።

«ልንካው ወይ?» ይሉኛል።

እኔ ስለ ኤሌክትሪክ ምን አውቃለሁ? የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ትንፋሼን ይዤ በጣቴ ጀርባ አስቀድሜ እነካዋለሁ። ምንም አይሰማኝም። እንደገና እነካዋለሁ። ምንም። «ይንኩት» ማለት ግን ያስፈራኛል፤ አንድ ቀን ብሳሳትስ? እሳቸው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አድርገው፣ ዝናቡ በጎን እየመታቸው፣ አፌን ያያሉ።