የሮዛ ነጠላ

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ሮዛ የምትባል ጣሊያናዊት ነበረች። ባሏ በደጀን መንገድ ካሚዮን ይነዳል። ጉድ በሉ እንግዲህ! ታላቅ ወንድሜ ዱር ቤቴ ብሎ ወገኖቿን እየተዋጋ፣ እሷ እኛ ጓዳ ገብታ ትወጣለች። ጾማችንን ትጾማለች፣ እናቴን «እምዬ» ትላለች፤ በኋላማ ነጠላም አሠርታ ለበሰች።

የነጠላው ነገር ግን አልገባትም። ሁልጊዜ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ አድርጋ ትመጣለች። «ኧረ አንቺ ሴት፣ እንዲህ የሚለበሰው ለሐዘን ነው! ሰው የሞተብሽ ትመስያለሽ» እያልኩ አዞርላታለሁ፤ ከዚያ ተያይዘን ሳቅ ነው።

አንድ ቀን በማለዳ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሮዛ ናት፤ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው።

«ዛሬም ተሳሳትሽ?» ብዬ እየሳቅሁ ላስተካክልላት ስል እጄን ያዘችኝ። ዓይኗ ደም መስሏል።

«ባሌ ማታ ከደጀን መጣ» አለችኝ በዚያ በሚሰባበር አማርኛዋ። «ወንድምሽን አይቶ… ለእምዬ ብቻዬን መንገር ነውር ነው ብዬ…»

ቀና ስል ከኋላዋ የንስሐ አባታችንና የሰፈሩ ሰው በሙሉ ቆመዋል። በየቤቱ ዞራ የጠራቻቸው እሷ ናት። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ማን አስተማራት? እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

እጄን ሳትለቅ፣ «ዛሬ አልተሳሳትኩም» አለችኝ።